በሞዴል የባቡር መስመር ላይ ድምፅ መጨመር፦ ወጪውና አሠራሩ

በሞዴል የባቡር መስመሩ ላይ ድምፅ ለመጨመር ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የዲኮደሩን፣ ማለትም በሎኮሞቲቩ ውስጥ ተገጥሞ ትእዛዝ የሚቀበለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድምፅ የሚያወጣ ዲኮደር ሞተርና መብራት ብቻ ከሚቆጣጠረው ተራ ዲኮደር አብዛኛውን ጊዜ ሦስትና አራት እጥፍ ይወደዳል። ይሁን እንጂ ይህ የወጪው መጀመሪያ ነው። ስፒከሩ፣ ስፒከሩ የሚታሸግበት ሳጥን፣ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲቋረጥ የሚደርስ ካፓሲተር፣ የመቆጣጠሪያው አቅም፣ የሐዲዱ ንጽሕና ሁሉ ሒሳቡ ውስጥ ይገባሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ከውድ ዲኮደር እንኳ የሚወጣው ድምፅ ቀጭንና የሚቆራረጥ ይሆናል። ስለዚህ ያለውን ገንዘብ ለሁሉም ሎኮሞቲቮች ከማከፋፈል ይልቅ አዘውትረው በሚነዷቸው ጥቂቶች ላይ አውሎ እነሱን አሟልቶ መሥራት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የዚህ ጽሑፍ ምክር ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው።

መስመሩ አናሎግ ነው ወይስ ዲጂታል?

አንድም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይለዩ። በአናሎግ አሠራር የባቡሩን ፍጥነት የሚወስነው በሐዲዱ ላይ ያለው ቮልት ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ዜሮ ሲሆን ይቆማል። ዲሲሲ በሚባለው ዲጂታል አሠራር ግን ሐዲዱ ምንጊዜም ሙሉ ቮልት ይይዛል፤ ፍጥነትም ሆነ መብራት ወይም ጡሩምባ በዚያው ሐዲድ ላይ በሚላክ ዲጂታል ትእዛዝ ይመራል፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭም የራሱ አድራሻ ስላለው ለሌላው የተላከውን ትእዛዝ አይቀበልም። የዲሲሲ መሠረት የተጣለው ሌንዝ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጋራ ደረጃ አድርጎ አጽድቆታል። በዚህም ምክንያት የአንዱ አምራች ዲኮደር በሌላው አምራች መቆጣጠሪያ ይሠራል።

ለድምፅ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። በጣቢያ የቆመ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ የቆመ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭም ፓምፑ ይመታል፣ እንፋሎቱ ይተነፍሳል። በዲሲሲ ሐዲዱ ምንጊዜም ኃይል ስላለው ዲኮደሩ እነዚህን ድምፆች ባቡሩ ቆሞም ያሰማል። በአናሎግ ግን መቆም ማለት ኤሌክትሪክ አለመኖር ስለሆነ ድምፁም አብሮ ይሞታል። በአናሎግም እንዲሠሩ የተዘጋጁ የድምፅ ዲኮደሮች አሉ፤ እነዚህ መጀመሪያ የተወሰነ ቮልት እስኪደርሳቸው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ይነሣል፣ ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ቮልቱ ከዚያም ሲያልፍ ነው። በዚህ ላይ በተራው አናሎግ መቆጣጠሪያ ጡሩምባውን ወይም ደወሉን በፈለጉበት ሰዓት ማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። በእኔ ግምት ይህ መንገድ የተከፈለበትን ገንዘብ አይመልስም።

እንግዲህ መስመሩ አናሎግ የሆነበት ሰው ከሦስት አንዱን ይመርጣል። ሙሉ በሙሉ ወደ ዲሲሲ መሻገር አንደኛው ሲሆን፣ ይህ መቆጣጠሪያ መግዛትንና በመስመሩ ላይ ለሚነዳ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ፣ ድምፅ የሌለው እንኳ ቢሆን፣ ዲኮደር መግጠምን ስለሚጠይቅ ከሁሉም ይወደዳል። ሁለተኛው በብሉቱዝ የሚታዘዝ ዲኮደር ነው፤ የሆርንቢ ኤችኤም7000 እና የሳውንድትራክስ ብሉናሚ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሐዲዱ ቋሚ ቮልት እስከተሰጠው ድረስ ትእዛዙን ከስልክ ስለሚቀበሉ የዲሲሲ መቆጣጠሪያ አያስፈልጋቸውም። ለአንድ ወይም ለሁለት ሎኮሞቲቭ ይህ አዋጭ ነው። ሦስተኛው ሎኮሞቲቩን ሳይነኩ ድምፁን መስመሩ ከተዘረጋበት ሰሌዳ በታች ማስቀመጥ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ዲኮደር አመራረጥ

ዲኮደር ሲመርጡ ከድምፁ ጥራት በፊት የሚታየው ቦታ ነው። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰው የኤችኦ መጠን ውስጥ መደበኛ ዲኮደርና መጠነኛ ስፒከር ብዙውን ጊዜ ይገባሉ። 160 ጊዜ ባነሰው የኤን መጠን ግን ትናንሾቹ ዲኮደሮች ብቻ ይገባሉ፤ ለስፒከር የሚተርፈው ቦታም እጅግ ጠባብ ነው። ቀጥሎ የሎኮሞቲቩን ሽፋን ከፍተው መሰኪያውን ይመልከቱ። ባለ 8 እግሩ መሰኪያ የቆየው ነው፤ በአዳዲሶቹ ሎኮሞቲቮች ባለ 21 እግሩ፣ ፕሉክስ22 እና ለትናንሾቹ የተሠራው ኔክስት18 ይገኛሉ። መሰኪያውና ዲኮደሩ ከተስማሙ ሥራው አጭር ነው። መሰኪያ የሌለው አሮጌ ሎኮሞቲቭ ከሆነ ግን ሽቦ በሽቦ መበየድ ግድ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ለባለሙያ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ወደ ዲኮደሩ ዋጋ ሊጠጋ ስለሚችል ሎኮሞቲቩ ራሱ ይህን ያህል ወጪ ይገባዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የድምፁ ዓይነት የሚጫነው በሁለት መንገድ ነው። እንደ ኢኤስዩ ሎክሳውንድና እንደ ዚሞ ያሉት ዲኮደሮች ለአንድ የተወሰነ ሎኮሞቲቭ የተዘጋጀ የድምፅ ፋይል ይጫንባቸዋል፤ ፋይሉን ራስዎ ለመጫን ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የአምራቹ መጫኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ርካሽ አይደለም፤ ለአንድ ሎኮሞቲቭ ብሎ መግዛት ብክነት ነው፤ ለብዙዎች ከሆነ ግን ያወጣል። ብዙ ሻጮች የተፈለገውን ፋይል ጭነው ስለሚሸጡ አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የሚሻለው ይህ ነው። የሳውንድትራክስ ሱናሚ2 ደግሞ በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ ዲኮደር ውስጥ በርካታ የሞተር፣ የጡሩምባና የደወል ድምፆች አስቀድመው ስላሉ ባለቤቱ ከመካከላቸው ይመርጣል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። እኔ የምከተለው መመዘኛ ቀላል ነው፤ የራሴን ሎኮሞቲቭ ሞተር ትክክለኛ ድምፅ የያዘው የትኛው ነው? ባለ ሁለት ምት የዲዝል ሞተርና ባለ አራት ምቱ ለጆሮ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ እውነተኛውን የሚያውቅ ሰው የተሳሳተውን ድምፅ ወዲያው ይለየዋል።

አዲስ ሎኮሞቲቭ የሚገዛ ሰው ከፋብሪካው ድምፅ ተገጥሞለት የመጣውን መግዛት ብዙ ድካም ያድነዋል፤ የዋጋው ልዩነትም ዲኮደሩንና ስፒከሩን ለየብቻ ከመግዛት ብዙም አይርቅም። ሆኖም አንዳንዱ የፋብሪካ ስፒከር ደካማ ስለሆነ በኋላ እሱን ብቻ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።

ስፒከሩና ሳጥኑ

ከወጪው ሁሉ ትንሹ፣ ከውጤቱ ግን ትልቁ እዚህ ላይ ነው። የስፒከር ገጽ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቀዋል፣ ከኋላው ያለውን ያሳሳዋል። የፊቱና የኋላው አየር እንደ ልባቸው ከተገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሳጥኑ የሚያስፈልገው የኋላውን አየር ከፊተኛው ለመለየት ነው። ይህን በጆሮ ለማረጋገጥ ከዲኮደሩ ጋር የተገናኘውን ባዶ ስፒከር በሁለት ጣት ጫፍ ይዘው ሞተሩን ያስነሡ፤ የሚሰሙት ቀጭን ዝንዝንታ ነው። ከዚያ ያንኑ ስፒከር በካርቶን ላይ በልኩ በተቀደደ ቀዳዳ ላይ ገጥመው ዙሪያውን በጣትዎ ይጫኑት። የድምፁ መጠን ላይ አንዳች ሳይነካ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይወፍራል። ጣትዎን ትንሽ አንሥተው ቀዳዳ ቢፈጥሩ ውፍረቱ ወዲያው ይሸሻል። ስለዚህ ሳጥኑ አየር የማያስወጣ መሆን አለበት፤ ሽቦው የሚወጣበት ቀዳዳ ሳይቀር በማጣበቂያ ይደፈን።

11 በ15 ሚሊሜትር የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ስፒከር በኤችኦ መጠን በስፋት ይሠራበታል፤ ከሳጥኑ ጋር በብዙ ሎኮሞቲቮች ውስጥ ይገባል። ቦታ ካለ ትልቁን ስፒከር ይምረጡ፤ በሳጥኑም ቢሆን ጥልቀት ባለው ይጠቀሙ። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከኋላ የሚጎተተው የከሰልና የውኃ ተሽከርካሪ ከሁሉ የተመቸ ቦታ ነው። በዲዝል ከጣሪያው ሥር ወይም በነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ይቀመጣል። ድምፁ የሚወጣበት ክፍተት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ የአየር ማስገቢያው መረብ የተደፈነ ፕላስቲክ ከሆነ ከውስጥ በኩል ጥቂት ቀዳዳዎች መብሳት ይጠቅማል።

የስፒከሩ ኦም፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ከዲኮደሩ መመሪያ ጋር መስማማት አለበት። የዛሬዎቹ ዲኮደሮች አብዛኛውን ጊዜ በ4 እና በ8 ኦም መካከል ያለውን ይቀበላሉ፤ የቆዩት የሎክሳውንድ ዲኮደሮች ግን 100 ኦም ስፒከር ይፈልጉ ስለነበር በእነሱ ላይ የ8 ኦም ስፒከር ማሰር ማጉያውን ያቃጥላል። ሁለት ስፒከር ለሚገጥም ሰው፣ ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም፣ ተከታትለው ሲታሰሩ ደግሞ 16 ኦም ይሆናሉ።

መግጠም

ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት ሎኮሞቲቩን በአናሎግ ኤሌክትሪክ ይንዱት። ያለ ዲኮደር በደንብ የማይሄድ ሎኮሞቲቭ ዲኮደር ስለተገጠመለት አይሻሻልም። ሞተሩ አሮጌ ከሆነ ጎማውን በእጅ ይዘው ለቅጽበት አቁመው የሚወስደውን አምፔር ይለኩ፤ ውጤቱ ከዲኮደሩ አቅም በላይ ከሆነ ሞተሩን መቀየር ወይም ጠንካራ ዲኮደር መግዛት ይገባል።

ሁለቱ የሞተር መገናኛዎች ከሎኮሞቲቩ የብረት አካልና ከሐዲዱ ፈጽሞ የተለዩ መሆናቸው ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። በብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቮች አንደኛው የሞተር ብሩሽ ከአካሉ ጋር የተነካካ ነው፤ ይህ ሳይለይ ዲኮደር ከተገጠመ በመጀመሪያው ሰከንድ ይቃጠላል። መለኪያውን በኦም ላይ አድርገው ከሞተሩ ወደ አካሉና ወደ ጎማዎቹ ያረጋግጡ። የሽቦዎቹ ቀለም በደረጃው የተወሰነ ነው፤ ቀይና ጥቁር ከቀኝና ከግራ ሐዲድ ይመጣሉ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፣ ነጭ የፊት መብራት፣ ቢጫ የኋላ መብራት ነው፣ ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ መመለሻ ነው። የስፒከሩ ሽቦ በኢኤስዩ ቡናማ፣ በሳውንድትራክስ ሐምራዊ ነው፤ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከሌላ ከምንም ነገር ጋር መነካካት የለባቸውም።

ዲኮደሩን ሙሉ በሙሉ በሚኮማተር ፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ብረት እንዳይነካ በሙቀት በማይቀልጥ ቴፕ ከሥሩ መከለል ይበቃል። ሲጨርሱ ሎኮሞቲቩን በቀጥታ በዋናው ሐዲድ ላይ አያስቀምጡት፤ መጀመሪያ ከዋናው ተለይቶ ዲኮደር በሚስተካከልበት የፕሮግራም ማድረጊያ ሐዲድ ላይ አድራሻውን ያንብቡ። በዚያ ሐዲድ ላይ የሚለቀቀው ኤሌክትሪክ የተገደበ ስለሆነ የተሳሳተ ግንኙነት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። አዲስ ዲኮደር አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ 3 ይዞ ይመጣል። አንዳንድ መቆጣጠሪያ የድምፅ ዲኮደርን ማንበብ ያቅተዋል፤ ይህ ሁልጊዜ የዲኮደሩ ብልሽት አይደለም፤ የመቆጣጠሪያው የፕሮግራም ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ ወይም የተገጠመው ካፓሲተር ስለሚያውክ ሊሆን ይችላል።

የድምፁ ልክ

ብዙ ሰው ድምፅ አስገጥሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚያጠፋው ዲኮደሩ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ድምፁ ከልክ በላይ ስለሚጮህ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ልክ ለገበያ የተዘጋጀ ይመስለኛል። በኤችኦ መጠን ከሎኮሞቲቩ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር ርቆ እንደቆመ ይቆጠራል። ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከዚያ ርቀት የሚሰማ የቆመ ሞተር ንግግር የሚያቋርጥ አይደለም። ጠቅላላውን የድምፅ ልክ ሲቪ በሚባሉት የዲኮደሩ ማስተካከያ ቁጥሮች ያወርዱታል፤ በሎክሳውንድ ሲቪ 63፣ በዚሞ ሲቪ 266 ነው። እኔ ግማሽ አካባቢ ጀምሬ፣ በክፍሉ ማዶ ቆሜ ሞተሩ በጭንቅ እስኪሰማኝ ድረስ እቀንሳለሁ። ከዚያ ጡሩምባውን ለብቻው ከሞተሩ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፤ ጡሩምባ የተሠራው ለሩቅ ነውና። ሦስት አራት ሎኮሞቲቮች አብረው ሲነሡ የዚህ ጥቅም ይታያል፤ አለዚያ ክፍሉ አንዱ ከሌላው የማይለይበት ጫጫታ ይሆናል።

ትንሽ ስፒከር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በበቂ ሁኔታ ማውጣት አይችልም። ያንን በጉልበት ለማውጣት ልኩን ከፍ ማድረግ መንጫጫት ብቻ ይጨምራል። ድምፁ ሲንር የሎኮሞቲቩን ጣሪያና ጎን በጣት ጫፍ እየነኩ ያዳምጡ፤ አንዱ ቦታ ሲነካ መንጫጫቱ ካቆመ ችግሩ የስፒከሩ ሳይሆን የላላው ሽፋን ነው፤ በዚያ ነጥብ ላይ ስስ ስፖንጅ ማስገባት ይበቃል።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያለው ሰው የጭሱን ምት ከጎማው ጋር ማስማማቱን አይለፍ። ሁለት ሲሊንደር ያለው የተለመደው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ዋናው ጎማ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሦስት ሲሊንደር ያላቸው አብዛኞቹ ስድስት ጊዜ። እውነተኛው ጎማ 1.5 ሜትር ስፋት ካለው፣ በኤችኦ 17 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ አንድ ዙር ሲዞርም 54 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። በጎማው ጠርዝ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ነጥብ አድርገው በዝግታ ይንዱት፤ ነጥቡ አንድ ዙር ሲጨርስ አራት ምት ካልሰሙ ተገቢውን ሲቪ እያስተካከሉ ይሞክሩ። ይህ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሳካ ድምፁ ከባቡሩ ውስጥ የሚወጣ መሆኑን አይንም ጆሮም አብረው ያምናሉ፤ ከድምፅ ሥራ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ሐዲዱና ኃይሉ

ድምፅ የሌለው ሎኮሞቲቭ ቆሻሻ ቦታ ሲያገኝ በራሱ ግፊት ስለሚሻገረው አይታወቅም። ድምፅ ያለው ግን ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጸጥ ይላል፤ ሲመለስለትም ሞተሩን እንደ አዲስ ያስነሣል። ስለዚህ ሐዲዱንና ጎማዎቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅ ማጽዳት፣ በየተወሰነው ርቀት ወደ ሐዲዱ የኃይል ሽቦ ማውረድ፣ በሐዲድ መቀየሪያው መሀል ሁለቱ ሐዲዶች የሚገናኙበት ብረትም ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ማድረግ ከድምፁ ግዢ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ከዚያ በኋላ በዲኮደሩ ላይ የሚጨመር ካፓሲተር የቀረውን አጭር መቋረጥ ይሸፍናል፤ ጥቂት ጎማ ብቻ ላላቸው ትናንሽ ሎኮሞቲቮች ደግሞ የግድ ነው እላለሁ። ካፓሲተሮች ኃይል በተከፈተ ቁጥር አንድ ላይ ስለሚሞሉ፣ ብዙ የድምፅ ሎኮሞቲቮች በአንድ ጊዜ ሲነሡ አቅሙ ያነሰ መቆጣጠሪያ አጭር ግንኙነት የተፈጠረ መስሎት ሊዘጋ ይችላል፤ መስመሩን በክፍል ከፋፍሎ ማብራት ይህን ያቃልላል።

ከሰሌዳው በታች የሚቀመጥ ድምፅ

ለኤን መጠንና ለአናሎግ መስመር ብዙ ጊዜ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው። ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የተባለው ትንሽ የኤምፒ3 ማጫወቻ ከ3.3 እስከ 5 ቮልት ይሠራል፣ ፋይሉን ከማይክሮ ኤስዲ ካርድ ያነባል፣ እስከ 3 ዋት የሚደርስ ስፒከር በቀጥታ ይነዳል። ዋጋው ከአንድ የድምፅ ዲኮደር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በአንድ ቁልፍ የጣቢያ ማስታወቂያ፣ በሌላው የእንጨት መሰንጠቂያ፣ በሦስተኛው ወንዝ ማሰማት ይቻላል። ስፒከሩ ድምፁ ከሚወጣበት ሕንፃ ትክክለኛ ቦታ ሥር ይሁን፤ ቅጂውም ቢያንስ ብዙ ደቂቃ የሚቆይ ይሁን፤ አጭር ቅጂ ሲደጋገም ያንኑ የወፍ ጩኸት ደግመው ደጋግመው ስለሚሰሙት ያታክታል። ኮምፒውተር ከዲሲሲ መቆጣጠሪያው ጋር የተገናኘላቸው ሰዎች ደግሞ ጄኤምአርአይ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ባለው ምናባዊ የድምፅ ዲኮደር የሎኮሞቲቩን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ስፒከር ማሰማት ይችላሉ። ድምፁ ከባቡሩ ጋር አይንቀሳቀስም፤ በትንሽ መስመር ላይ ግን ጉድለቱ ብዙም አይታወቅም፤ ወፍራሙ ድምፅም ከትልቅ ስፒከር ስለሚወጣ ከሎኮሞቲቩ ውስጥ ከሚወጣው ይበልጣል።

ያው ፕሮግራም የዲኮደር ማስተካከያዎችን አንብቦ በፋይል የሚያስቀምጥ ክፍል አለው። ልኩን፣ ምቱንና የቁልፎቹን ምደባ ካስተካከሉ በኋላ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ፋይሉን ያስቀምጡ፤ በብዙ ዲኮደሮች በሲቪ 8 ላይ ቁጥር 8 መጻፍ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ልክ ስለሚመልሰው፣ ያለዚያ ፋይል ሥራው እንደገና ከሀ መጀመር አለበት።